ውስጡን ሙሉ በሙሉ የምናውቀው ኮምፒውተር



በኪሳችሁ ያለው ስልክ በቅርብ ዓመታት ከወጡት የላቁ ስልኮች አንዱ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ከ10 ቢሊዮን በላይ ትራንዚስተር ይዟል። ይህን ያህል ነገር በአንድ ሰው አእምሮ አይያዝም። የነደፉት መሐንዲሶች እንኳ የሚያውቁት የየድርሻቸውን ነው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሌላ ዓይነት ማሽን ነው። 6502 በተባለ፣ ወደ 3,500 ገደማ ትራንዚስተር ብቻ ባለው የቆየ ማይክሮፕሮሰሰር ዙሪያ በገዛ እጅ ስለሚሠራ ኮምፒውተር። ይህን ኮምፒውተር አንድ ትዕግሥተኛ ሰው ከኤሌክትሪክ መግቢያው አንሥቶ በስክሪኑ ላይ እስከምትወጣው ፊደል ድረስ ሊያውቀው ይችላል። እንዲሁ በጥቅሉ ማለቴ አይደለም። በፈለገው ቅጽበት ማሽኑን አቁሞ፣ ጣቱን በፈለገው ሽቦ ላይ አድርጎ፣ እዚያ ሽቦ ላይ 5 ቮልት ያለው ወይም የሌለው ለምን እንደሆነ መናገር ይችላል ማለቴ ነው።

አስቀድሞ ቺፑ ከየት እንደመጣ ልናገር። ቸክ ፔድል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሞቶሮላ ውስጥ 6800 በተባለው ማይክሮፕሮሰሰር ላይ ይሠራ ነበር። ደንበኞች ዘንድ እየሄደ ስለ ቺፑ ያስረዳም ነበር። ደንበኞቹ የሚሰሙትን ይወዱታል፤ ዋጋው ሲነገራቸው ግን ይተዉታል። በዚያ ዘመን የኢንቴል 8080 በነጠላ ሲገዛ 360 ዶላር ያወጣ ነበር፤ የሞቶሮላውም መነሻ ዋጋ ያው ነበር። ለገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ወይም ለፋብሪካ መቆጣጠሪያ የሚሆን ቺፕ በዚህ ዋጋ ማን ይገዛል? ፔድል በ25 ዶላር ሊሸጥ የሚችል ቺፕ አሰበ። ሐሳቡ ሞቶሮላ ውስጥ ተቀባይነት ስላላገኘ በ1974 እ.ኤ.አ. ከቢል ሜንሽና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ለቅቆ፣ በፔንሲልቫኒያ ወደሚገኘው ሞስ ቴክኖሎጂ ወደተባለ ኩባንያ ሄደ።

ዋጋውን ያወረዱበት መንገድ ሊታወቅ ይገባዋል፤ የቺፑ ጠባይ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነውና። ቺፖች የሚሠሩት በአንድ ክብ የሲሊከን ዝርግ ላይ በብዛት ሆነው ነው። የዝርጉ ወጪ ብዙም አይለዋወጥም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቺፕ ባነሰ ቁጥር ከአንዱ ዝርግ የሚወጣው ቺፕ ይበዛል። አንዲት የአቧራ ቅንጣት የምታበላሸው ደግሞ ያረፈችበትን ቺፕ ብቻ ስለሆነ፣ ቺፖቹ ትንንሽ ሲሆኑ ጤነኛ ሆነው የሚተርፉት ይበረክታሉ። የፔድል ቡድን ከ6800 ላይ የማያስፈልገውን ሁሉ ቀነሰ። 6800 ሁለት የሒሳብ ሬጅስተሮች፣ ማለትም የሚሰላው ቁጥር የሚያዝባቸው የውስጥ ቦታዎች፣ ነበሩት፤ 6502 አንድ ብቻ ያዘ። አቀማመጡን በእጃቸው ነበር የሣሉት። በዚህ ሁሉ የተረፈው ቺፕ ትንሽ፣ ርካሽና፣ ማንም ያላሰበው ትርፍ ሆኖ፣ ለመማር ቀላል ሆነ። ቁጠባ ያስገደደው ንጽሕና ነው። እኔ በዚህ ቺፕ ውስጥ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ይህንን ነው።

በመስከረም 1968 ዓ.ም.፣ ማለትም በሴፕቴምበር 1975 እ.ኤ.አ.፣ ቺፑ በሳን ፍራንሲስኮ በዌስኮን ኤግዚቢሽን ሰሞን ለገበያ ወጣ። በኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ውስጥ እጅ በእጅ መሸጥ አይፈቀድም ነበርና፣ ኩባንያው በአቅራቢያው ሆቴል ክፍል ይዞ በትልልቅ የመስታወት ማሰሮ የተሞሉ ቺፖችን በ25 ዶላር ሸጠ። ቺፑን ይዘው ከተመለሱት አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ነበር፤ በ1976 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ666.66 ዶላር የተሸጠውን የመጀመሪያውን አፕል ኮምፒውተር የሠራው በዚሁ ቺፕ ዙሪያ ነው። አፕል 2 እና የኮሞዶር ፔት በ1977፣ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩበት ቢቢሲ ማይክሮ በ1981 ከዚሁ ቺፕ ጋር ወጡ። የ1977ቱ የአታሪ መጫወቻ፣ በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 እና የኒንቴንዶ የቤት ውስጥ መጫወቻም የተሠሩት በቅርብ ዘመዶቹ ነው። አንድ ትውልድ ኮምፒውተርን ከቤቱ ያገኘው በዚህ ቺፕ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቺፑ 40 እግር አለው። ከእነዚህ 16ቱ የአድራሻ መስመሮች ናቸው፤ «ከየትኛው ቦታ?» የሚለውን ይናገራሉ። 8ቱ የዳታ መስመሮች ናቸው፤ «ምን?» የሚለውን ያመላልሳሉ። አንድ እግር ማንበብና መጻፍን ይለያል። አንዱ የሰዓት ምት ይቀበላል፤ ሌላው ማሽኑን እንደገና ያስነሣል። ሁለቱ የኤሌክትሪክ መግቢያና መውጫ ናቸው። የቀሩትን ለጊዜው ማወቅ አያስፈልግም፤ ነገር ግን መግቢያ የሆኑትን ባዶ መተው አይገባም። ምንም ያልተያያዘበት መግቢያ አንዴ 1፣ አንዴ 0 ሆኖ ይነበባል፤ እጃችሁን ስታቀርቡ ብቻ ማሽኑ ጠባዩን ይለውጣል። እያንዳንዱን በሬዚስተር ከ5 ቮልት ጋር አያይዙት፤ ብዙ ሰዎችን ተስፋ ያስቆረጠ ችግር በዚህ ይወገዳል።

የመጀመሪያው ሙከራ ማህደረ ትውስታ እንኳ አይፈልግም፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በዚህ ንግግር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን እንድትይዙ እፈልጋለሁና። ለ6502፣ 234 የሚለው ቁጥር ትእዛዝ ነው፤ ትርጉሙም «ምንም አትሥራ፣ ወደሚቀጥለው እለፍ» ነው። 234 በሁለትዮሽ ሲጻፍ 11101010 ነው። ስለዚህ ከስምንቱ የዳታ መስመሮች 1 የሆኑትን በሬዚስተር ከ5 ቮልት ጋር፣ 0 የሆኑትን በሬዚስተር ከመሬት ጋር እናያይዛለን። ከዚያ በኋላ ቺፑ ከየትም አድራሻ ቢያነብ የሚያገኘው 234 ነው። በአድራሻ መስመሮቹ ላይ ትንንሽ ኤልኢዲ አምፖሎች ከነሬዚስተራቸው እንተክላለን። የሰዓት ምቱን 555 ከተባለው ምት አመንጪ ቺፕ በዝግታ፣ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል፣ እንሰጠዋለን።

ማስነሻውን ተጭነን ስንለቅ ቺፑ ጥቂት ምቶችን ለውስጥ ጉዳዩ ያጠፋና በቀጥታ ወደ ሁለት የተወሰኑ አድራሻዎች ይሄዳል፤ ወደ 65,532 እና ወደ 65,533። ሲወለድ ጀምሮ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው፤ «ከየት ልጀምር?» የሚለውን መልስ ከዚያ ያነባል። በእኛ ሙከራ ሁለቱም ቦታ 234 ስለሚያገኝ፣ ሁለቱን ባይት አጣምሮ ከአድራሻ 60,138 ይጀምራል። ይህንን አስቀድማችሁ በወረቀት ላይ ማስላት ትችላላችሁ። 234 በ256 ሲባዛ 59,904፣ ሲደመር 234። ከዚያ አምፖሎቹ የዚህኑ ቁጥር መልክ ይዘው ሲበሩ ታያላችሁ። ቀጥሎ በየሁለት ምቱ በአንድ እያደጉ ይቆጥራሉ፤ እያንዳንዱ «ምንም አትሥራ» ሁለት ምት ይወስዳልና። 65,536ቱን አድራሻዎች ሁሉ ለመዞር 131,072 ምት ያስፈልጋል። በሴኮንድ አንድ ምት ከሆነ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል፤ ቺፑ በተወለደበት ዘመን ፍጥነት፣ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ምት፣ ከሆነ ግን ከአንድ ሴኮንድ ስምንተኛ ብዙም አያልፍም። ስለ ኮምፒውተር ፍጥነት ብዙ ትምህርት ሰምተናል፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትምህርት አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የ1975ቱ 6502 በዚህ ዓይነት ዝግታ አይሠራም። በውስጡ ያለውን መረጃ የሚይዘው በትንሽ የኤሌክትሪክ ክምችት መልክ ነበርና፣ ምቱ ከዘገየ ክምችቱ ይፈስና ይረሳዋል። ቢል ሜንሽ በ1978 በአሪዞና፣ ሜሳ ከተማ የመሠረተው ዌስተርን ዲዛይን ሴንተር በኋላ 65ሲ02 የተባለውን የተሻሻለ ዓይነት ነደፈ። ዛሬም እየተመረተ የሚሸጠው የዚህ ልጅ፣ ደብልዩ65ሲ02ኤስ፣ ምቱ ሙሉ በሙሉ ቢቆምም ያለበትን አይረሳም። ማሽኑን አቁሞ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ተመልሶ ከቆመበት መቀጠል ይቻላል። ለተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

ሁለተኛው እርምጃ ማህደረ ትውስታ ማያያዝ ነው። ቋሚውን ፕሮግራም የሚይዘው 28ሲ256 የተባለ፣ 32,768 ባይት የሚይዝ ቺፕ ነው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የሚረሳው ራም ደግሞ 62256 የተባለው፣ በመጠን እኩያው ነው። ሁለቱም፣ ፕሮሰሰሩም፣ የሚጠቀሙት በእነዚያው ስምንት የዳታ መስመሮች ነው። የዕድር ስብሰባ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢናገር ማንም እንደማይሰማ ሁሉ፣ በእነዚህ መስመሮች ላይም በአንድ ጊዜ መናገር የሚፈቀድለት አንድ ብቻ ነው። አንዱ 1 ሌላው 0 ቢያወጡ ቁጥሩ ከመበላሸቱም በላይ ቺፖቹ እርስ በርስ ተገፋፍተው ይሞቃሉ። ተራ የሚሰጠው ማነው? ከፍተኛዋ የአድራሻ መስመር ናት። እሷ 1 ስትሆን አድራሻው 32,768 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ቋሚው ማህደር ይናገር። 0 ስትሆን ራሙ ይናገር። ይህን ለመፍረድ በአንዲት 74ኤችሲ00 ቺፕ ውስጥ ያሉ ጥቂት የሎጂክ በሮች ይበቃሉ። ቋሚው ማህደር ከላይ የሆነበት ምክንያት አሁን ግልጽ ነው፤ ማሽኑ ሲነሣ የሚሄድባቸው 65,532 እና 65,533 እዚያ ናቸው። ራሙም ከታች የሆነው በምክንያት ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ ንዑስ ፕሮግራም ሲሄድ የመመለሻ አድራሻውን የሚያስቀምጠው ከ256 እስከ 511 ባሉት ቦታዎች ላይ ነው። ራም የሌለው 6502 ወደፊት መሄድ ይችላል፤ የሄደበትን አስታውሶ መመለስ ግን አይችልም።

ሦስተኛው እርምጃ ከሰው ጋር መነጋገር ነው፤ ለዚህ ብዙዎች የሚመርጡት 6522 የተባለውን የመግቢያና መውጫ ቺፕና በሁለት መስመር 16 16 ፊደል የሚያሳይ ርካሽ ኤልሲዲ ነው። ኤልሲዲው የላቲን ፊደላትንና በተለምዶ የጃፓን ካታካናን ከፋብሪካ ይዞ ይመጣል። የእኛን ፊደል አያውቅም። ነገር ግን ተጠቃሚው የሚፈልጋቸውን ስምንት ቅርጾች ራሱ እንዲሥልበት ባዶ ቦታ ተትቶለታል። እያንዳንዱ ቅርጽ 5 ነጥብ ወርድና 8 ነጥብ ቁመት አለው፤ እያንዳንዱም ረድፍ አንድ ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ 24 ባይት ይበቃዋል።

ሥራው ግን እንደቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ ደስ የሚለውም ለዚህ ነው። ለሰ ጫፏን በመካከለኛው ነጥብ ላይ አድርገን፣ 00100 ብለን፣ እግሮቿን ወደ ታች መክፈት ነው። ላ ላይ የአንዱ እግር መርዘም ከለ የሚለያት ብቸኛ ምልክት ስለሆነ፣ በስምንት ረድፍ ውስጥ ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታይ አጭሩን እግር ቀደም ብሎ መቁረጥ ያስፈልጋል። ም ሁለት ቀለበት አላት፤ እያንዳንዱ ቀለበት ቢያንስ 3 ነጥብ ወርድ ይፈልጋል፤ 3 እና 3 ደግሞ 6 ነው፣ ያለን ግን 5 ነው። ሁለቱ ቀለበቶች መካከለኛዋን ነጥብ ሲጋሩ ጉዳዩ ይፈታል፤ 01010፣ 10101፣ 01010። ከታች ያሉት ረድፎች ለጭራዋ ይቀራሉ። ከዚያ 24ቱን ባይት ወደ ኤልሲዲው የሚልክ፣ ቀጥሎም 0፣ 1፣ 2 ብሎ ቅርጾቹን በተራ የሚጠራ አጭር ፕሮግራም ይጻፋል። በዚያ ስክሪን ላይ «ሰላም» ስታነቡ በእናንተና በፊደሉ መካከል የሌላ ሰው ሶፍትዌር የለም።

ቺፑ ማባዛት አያውቅም። ለስሌት ያሉት መሣሪያዎች በመሠረቱ መደመር፣ መቀነስና የቁጥርን ቢቶች ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መግፋት ናቸው። ወደ ግራ መግፋት በ2 ማባዛት፣ ወደ ቀኝ መግፋት ለ2 ማካፈል ነው። ታዲያ 13 በ12 እንዴት ይባዛል? በእንግሊዝኛ የሒሳብ ጽሑፎች ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ የሚጠራ ዘዴ አለ፤ ይኸው ነው መልሱ። 13ን እያጋመስን፣ ቀሪውን እየተውን እንውረድ፤ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በጎኑ 12ን እያጠፍን እንውረድ፤ 12፣ 24፣ 48፣ 96። ግራው ተጋማሽ ቁጥር የሆነበትን ረድፍ፣ እዚህ 6 እና 24ን፣ እንሰርዝ። የቀሩት 12፣ 48 እና 96 ሲደመሩ 156 ይሆናሉ። ለ6502 የሚጻፍ የማባዣ ፕሮግራም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። 13ን ወደ ቀኝ ሲገፋ የምትወድቀው ቢት 1 ከሆነች ይደምራል፤ 0 ከሆነች ያልፋል። ይህን ለአሥር ዓመት ልጅ በወረቀት አስተምሮ፣ በማግሥቱ ያንኑ በማሽኑ አምፖሎች ላይ ማሳየት ይቻላል።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አርዱዊኖ የተባለው ዝግጁ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ በርካሽ ተገዝቶ ከዚህ የበለጠ ይሠራ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ትክክለኛ ነው። የዶሮ ቤት ሙቀት የሚቆጣጠር መሣሪያ ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው አርዱዊኖን እመክራለሁ። ነገር ግን በእሱ ውስጥ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ቋሚው ማህደር በአንድ ጥቁር ቺፕ ውስጥ ተዘግተዋል። በአድራሻ መስመር ላይ አምፖል ልትተክሉበት አትችሉም፤ መስመሩ ከቺፑ አይወጣምና። ማሽኑን መጠቀምና ማሽኑን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የኮምፒውተር ትምህርት በተከፈተባቸው ብዙ ቦታዎች ተማሪው የሚያገኘው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ያላገኘ ሰው ፕሮግራም ሊጽፍ ይችላል፤ ማሽኑ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲጠየቅ ግን መልሱን ከሌላ ሰው ይጠብቃል። ይህ ጥገኝነት ያሳስበኛል፤ በተለይ የምንጠቀምበትን መሣሪያ በአብዛኛው ከውጭ ለምናስገባ ለእኛ።

የመማሪያ እጥረት የለም። አሜሪካዊው ቤን ኢተር ከ2019 ጀምሮ በ6502 ኮምፒውተር በብሬድቦርድ፣ ማለትም ያለ ብየዳ በሚሰካበት ሰሌዳ፣ ላይ ከባዶ ሲገነባ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን አቅርቧል፤ በዚህ ርእስ ላይ ካየኋቸው ሁሉ የተሻሉ ናቸው። ዎዝኒያክ ለመጀመሪያው አፕል የጻፈው፣ ማህደርን ለማንበብና ለመጻፍ የሚያስችለው ፕሮግራም 256 ባይት ብቻ ስለሆነ፣ በጥቂት ለውጥ በገዛ እጃችን በሠራነው ማሽን ላይ ይሄዳል። ማይክሮሶፍትም በ2025 ለ6502 ያዘጋጀውን የቤዚክ ፕሮግራም ቋንቋ የምንጭ ኮድ ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ፈቃድ አውጥቷል። የቺፑን ፎቶግራፍ ትራንዚስተር በትራንዚስተር አንብቦ በኮምፒውተር ላይ የሚያሠራው ቪዥዋል 6502 የተባለው ፕሮጀክትም አለ፤ ከእግሮቹ አልፎ ውስጡን ለማየት ለሚፈልግ ሰው ወደር የለውም።

ስለ ግዢው ሁለት ምክር ልጨምር። ዚ80 የተባለውም የዚያ ዘመን ቺፕ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን አምራቹ ዚሎግ በ2024 የቀድሞውን ዓይነት ትእዛዝ መቀበል አቁሟል። ስለዚህ አሁን ለሚጀምር ሰው አዲስ ሆኖ የሚመረተው ደብልዩ65ሲ02ኤስ ይሻላል። አሮጌ ናቸው እየተባሉ በርካሽ ከሚሸጡት ውስጥ ስማቸው ተፍቆ ሌላ ስም የታተመባቸው አሉና ከታማኝ ሻጭ ግዙ። ደግሞም አሮጌ ንድፍ ይዛችሁ በአዲሱ ቺፕ የምትሠሩ ከሆነ አንደኛውን እግር ተጠንቀቁ። በድሮው ቺፕ ከመሬት ጋር የሚያያዝ ነበር፤ በአዲሱ ግን መውጫ ስለሆነ ከመሬት ጋር መያያዝ የለበትም።

እናንተ መምህራን፣ እናንተም የልጆቻችሁን የማወቅ ፍላጎት የምትከታተሉ ወላጆች፣ ይህን ለማስጀመር ላቦራቶሪ አትጠብቁ። ሥራው በ5 ቮልት ነው፤ ሰው አይጎዳም፤ የስልክ ቻርጀር ይበቃዋል። ለመጀመሪያው ሙከራ የሚያስፈልገው ፕሮሰሰሩ፣ ብሬድቦርድ፣ አንድ 555፣ ሽቦ፣ ጥቂት ሬዚስተሮች፣ ኮንደንሰሮችና ኤልኢዲዎች ናቸው። የዳታ መስመሮቹን በ234 እሰሩ፤ ልጁ የሚነሣበትን አድራሻ አስቀድሞ በወረቀት ያስላ፤ ከዚያ ማስነሻውን እሱ ራሱ ይልቀቅ። አምፖሎቹ እሱ ካሰላው ቁጥር መቁጠር ሳይጀምሩ የማህደረ ትውስታ ቺፖቹን አትትከሉ።